ነጥቡ እስኪጠፋ መጠበቅ የለብንም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ሕይወት ባለው ሴል ላይ የክላትሪን ጉድጓዶችን እድገት ስለመለካት ነው። ክላትሪን የሴሉ ሽፋን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከረጢት ሆኖ እንዲገባ የሚረዳ ፕሮቲን ነው። ጉድጓዱ ወርዱ 100 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ቅርጹ አይለይም፤ ፕሮቲኑ ላይ ፍሎረሰንት (የሚያበራ) ምልክት አድርገን የምናየው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ነጥብ ነው።

ብዙዎች የሚቆጥሩት የነጥቡን ዕድሜ ነው። ለዚህ ግን ልደቱንም ሞቱንም ማየት ግድ ይላል። የ5 ደቂቃ ፊልም ሲጀምር የነበሩትም፣ ሲያልቅ ያልጠፉትም ከቆጠራ ይወጣሉ፤ እነሱ ደግሞ በብዛት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ናቸው። ፎከሱ ለጥቂት ፍሬም ከሳተ የ90 ሰከንዱ ነጥብ ለሁለት ይቆረጥና ሁለት አጫጭር ዕድሜ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ «ሳይበስል የከሸፈ ጉድጓድ» ብለን ትርጉም እንፈልግለታለን።

እኔ የማደላው ለእድገት ፍጥነት ነው። በየ2 ሰከንዱ ቅረጹ፤ 7 ተከታታይ ፍሬም፣ ማለትም የ12 ሰከንድ ቁራጭ ወስዳችሁ በድምቀቱ ላይ ቀጥተኛ መስመር አስምሩ፤ መስኮቱን በአንድ በአንድ ፍሬም እያንሸራተታችሁ ድገሙት። ሴሎች የሚያመርቱት የፍሎረሰንት ፕሮቲን መጠን ስለሚለያይ፣ ውጤቱን ለዚያው ሴል ነጥቦች አማካይ ድምቀት አካፍሉት። ፖዘቲቭ ከሆነ እያደገ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ እየፈረሰ፣ ዜሮ አካባቢ ከሆነ የቆመ ነው። የተቆራረጠ ዱካ እንኳ አይጣልም። የሴሉ ሽፋን ውጥረት ሲጨምር የፍጥነቶቹ ስርጭት ወደ ዜሮ ይሰበሰባል።

ራስ ምታቱ የመስኮቱ ርዝመት ነው። 3 ፍሬም ብቻ ከሆነ ኖይዙ (የድምቀቱ የዘፈቀደ መዋዠቅ) ራሱ እድገት ይመስላል፤ 40 ሰከንድ ካደረጋችሁት መውጣቱና መውረዱ ተጣፍቶ ብዙው የቆመ ይመስላል። ስለዚህ በፎርማልዲሃይድ የተገደሉ ሴሎችን በዚያው ሌዘር፣ በዚያው የጊዜ ክፍተት ቅረጹ። እዚያ የሚያድግ ነገር የለም። የስርጭቱ ስፋት የኖይዛችሁን መጠን፣ ከዜሮ በታች መንሸራተቱ ደግሞ ፍሎረሰንቱ በሌዘሩ ምን ያህል እየደከመ እንደሆነ ይነግራችኋል። ይህ ቁጥጥር የሌለበትን ግራፍ ማመን ይቸግረኛል።

በቲርፍ፣ ማለትም ከመስታወቱ አጠገብ ያለውን ስስ ንብርብር ብቻ በሚያበራ ማይክሮስኮፕ፣ ለምትሠሩ፦ ብርሃኑ ከመስታወቱ በ100 ወይም 200 ናኖሜትር ርቀት ውስጥ ስለሚዳከም፣ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ክላትሪኑ ሳይራገፍም ይደበዝዛል። ከመፍረሱ ይልቅ የእድገቱን ጎን እመኑ። 37 ዲግሪ ስትይዙ ሌንሱንም አሙቁት፤ በዘይቱ በኩል ከናሙናው ሙቀት ስለሚስብ ጉድጓዶቹ ይዘገያሉ። ክላትሪን በሴሉ ውስጥ ባሉት ጎልጂና ኢንዶሶም በሚባሉ ክፍሎች ላይም ስለሚገኝ፣ ምልክቱን ኤፒ2 (ክላትሪንን ከሴሉ የውጭ ሽፋን ጋር የሚያገናኝ ፕሮቲን) ላይ፣ ያውም በጂን አርትዖት፣ ማድረጉ ይሻላል።