ሱቁ አልተዘጋም፣ መብራት ጠፍቶ ነው

በሐዋሳ ለጤና ኤክስቴንሽንና ለላብራቶሪ ባለሙያዎች በዓለም የቲቢ ቀን የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ።

አስተዋዋቂዋ አሁን «ፕሮፌሰር» ብላ ጠራችኝ። እናቴ ብትሰማ እልል ትል ነበር። ግን አይደለሁም። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አክታ መቀባት፣ ማቅለምና በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

ዛሬ መጋቢት 15 ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በዚህ ቀን ሮበርት ኮክ በርሊን ላይ ተነስቶ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ተናገረ። ቀኑን የምናስበው ለዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ቅነሳውን ለእናንተ ትቻለሁ።

የተሰጠኝን ርዕስ ሳየው ደነገጥኩ። «የጂን ቁጥጥር በመከላከያ ሴሎችና በበሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች» ይላል። ቁርስ በቅጡ ሳይበሉ የሚሰማ አይደለም። ስለዚህ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ልጀምር።

ነገሩ ከሆነ ቆይቷል። ልጁ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል። ሱሪው ሰፍቶት በሲባጎ አስሮታል። አክታው ፖዘቲቭ ሆነና መድኃኒት ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊቱ ተመለሰ፣ ሳሉም ጠፋ። ከዚያ እሱም ጠፋ። ከወራት በኋላ እያሳለ መጣ። «ለምን አቋረጥክ?» አልኩት።

«ሲስተር፣ ድኜ ምን ያስውጠኛል?» አለኝ።

ሲስተር አይደለሁም ብለው አይሰማም። እኔም ተቆጣሁት። አንጀቴ እያረረ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ መልሱን የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም አልነገርኩትም። መልሱ ደግሞ ያለው እዚሁ አስፈሪ ርዕስ ውስጥ ነው።

ሰው ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20,000 ጂኖች አሉት። የዓይን ሴልም የጉበት ሴልም የያዙት ያንኑ ነው። ልዩነታቸው የትኛው ጂን በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል የሚለው ነው። የጂን ቁጥጥር ማለት ይኸው የማብሪያ ማጥፊያ ሥራ ነው። ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ የሚባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች በ1961 ነገሩን በግልጽ ጻፉት። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ የወተት ስኳር ካላገኘ፣ የወተት ስኳር የሚፈጭበትን ጂን አጥፍቶ ይቀመጣል። ሲያገኝ ያበራል። ቆጣቢ ነው። በ1965 ኖቤል ተሸለሙበት።

አሁን ወደ ሳንባ እንግባ። አንድ ሰው ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ያስላል። ባክቴሪያው በትንፋሽ ገብቶ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። እዚያ ማክሮፌጅ የሚባል ነጭ የደም ሴል ይጠብቀዋል። ዘበኛም ነው፣ በላተኛም ነው። ቆዳው ላይ ያሉት ተቀባዮች የባክቴሪያውን ግድግዳ ሲነኩ ውስጡ ያለ አንድ ፕሮቲን ይፈታል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ይባላል። ስሙን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ይህ ፕሮቲን በደህና ቀን በር ላይ እንደታሰረ ውሻ ነው፤ ሰንሰለት የሚሆነው ሌላ ፕሮቲን ይዞታል። ምልክቱ ሲመጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ውሻው ወደ ሴሉ አስኳል ሮጦ ይገባና ብዙ ጂኖችን በአንዴ ያበራል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ጀበና እስኪንተከተክ አይቆይም።

ከበሩት ጂኖች አንዱ ቲኤንኤፍ የሚባለውን ያመርታል። ሌሎች ሴሎችን የሚጠራ መልእክተኛ ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ይኸው ፕሮቲን ቀድሞ «ካኬክቲን» ይባል ነበር፤ የሚያከሳ እንደማለት። የባጃጅ ነጂውን ሱሪ በሲባጎ ያሳሰረው ባክቴሪያው ብቻውን አይደለም። የገዛ ዘበኛው ጩኸትም አለበት።

የተጠሩት ሴሎች መጥተው ባክቴሪያውን ይከብቡታል። አጥር ይሠሩበታል። ግራኑሎማ የምንለው ይህን ነው። አጥሩን የሚያቆሙት ቲኤንኤፍና ሲዲ ፎር የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚልኩት መልእክት ናቸው። ኤችአይቪ ሲዲ ፎርን ሲጨርስ ቲቢ ለምን እንደሚነሳ የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ላይ የተኛ ቲቢ ሊነሳ ይችላል። አጥሩ ጠባቂ አጣ ማለት ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለኛ ወገን ነው። እሱስ? እሱም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም።

የቲቢ ባክቴሪያ ወደ 4,000 ጂኖች አሉት። ሙሉ ዝርዝሩ የተነበበው በ1998 ነው። አጥሩ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ወይም የመከላከያ ሴሎች የሚረጩበት ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሲደርሰው፣ ሁለት ጠቋሚዎቹ ያውቃሉ። ዶስአር ለሚባል አዛዥ ይነግሩታል። ዶስአር ወደ 50 የሚጠጉ ጂኖችን ያበራል። ባክቴሪያው መባዛቱን ያቆማል፣ ከሰው ሴል የሚያገኘውን ስብ እየበላ ይቆያል።

እዚህ ከተማ መብራት ሲጠፋ የሰፈራችሁ ባለሱቅ ምን ያደርጋል? ፍሪጁን አይከፍትም። ሻማ ይለኩሳል። በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል። ከመንገድ ለሚያየው ሱቁ የተዘጋ ይመስላል። ሱቁ ግን አልተዘጋም፤ መብራት ጠፍቶ ነው። ሲመጣ ፍሪጁ እንደገና ማጓራት ይጀምራል። የተኛ ቲቢ እንዲሁ ነው። ከዓለም ሕዝብ ወደ አንድ አራተኛው ይህ ባክቴሪያ ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜያቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ይህ አዳራሽ ሙሉ ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት።

መድኃኒቱ ጋ ደረስን። አይሶናያዚድ የሚመታው የባክቴሪያውን ግድግዳ ግንባታ ነው። ግንባታ ላይ ያለውን ቶሎ ይገድላል። የተኛው ግን አይገነባም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። ታማሚው በሁለት ወር ውስጥ የሚሻለው የነቁት ስላለቁ ነው። የቀሩት ሻማ ለኩሰው ተቀምጠዋል። ከሁለት ወር የአራት መድኃኒት ሕክምና በኋላ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ የምንጨምረው እነሱን አድፍጦ ለመያዝ ነው። አሁን አራት ወር የሚፈጅ አማራጭ መጥቷል። ቢሆንም አራት ወርም ሁለት ወር አይደለም።

ሪፋምፒሲን ለኔ ልዩ ነው። ሽንት የሚያቀላው ክኒን ማለት ነው፤ ስንቱ ደም መስሎት በድንጋጤ ወደናንተ እንደሮጠ ታውቃላችሁ። ይህ ክኒን ባክቴሪያው ጂኖቹን የሚያነብበትን መሣሪያ ሄዶ ይጨብጠዋል። ንባቡ ይቆማል። የኛ ማንበቢያ ቅርጹ ስለሚለይ አይነካም። ሻማ የለኮሰው ባለሱቅ አልፎ አልፎ ብቅ ሲል፣ አንድ ጂን ለማንበብ ሲሞክር፣ ሪፋምፒሲን እዚያው ይይዘዋል። ለመያዝ ግን እዚያው መገኘት አለበት፤ በየቀኑ።

ባክቴሪያውም መላ አለው። ማንበቢያውን በሚያሠራው ጂን ላይ አንድ ፊደል ከተለወጠ ክኒኑ መያዣ ያጣል። መድኃኒቱ ሲቆራረጥ እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ሜዳው ይለቀቅለታል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ማለት ይህ ነው። አክታ የምንመረምርበት ጂን ኤክስፐርት ማሽን የሚፈልገውም ይህንኑ ለውጥ ነው። ከባክቴሪያው 4.4 ሚሊዮን የጂን ፊደላት ውስጥ 81ዱን ያያል። በሁለት ሰዓት ገደማ ይነግረናል። እኔ የተማርኩት ባክቴሪያው በላብራቶሪ አድጎ በዓይን የሚታይ ክምር፣ ኮሎኒ፣ እስኪወጣ ሳምንታት እየተጠበቀ ነው፤ አሁንም ማሽኑ ውጤት ሲያወጣ እስቃለሁ።

እዚሁ ሲዳማ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት አክታ እንዲሰበስቡ ሲደረግ የተመዘገበው የቲቢ ታማሚ በእጥፍ ጨምሮ ነበር። በሽታው አልጨመረም፤ ሰው ስለሄደለት ተገኘ። በር የማንኳኳቱን ነገር እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ ስለሱ የምነግራችሁ የለኝም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መድኃኒት ስታስጀምሩ «እንዳታቋርጥ» ብቻ አትበሉ። ለምን እንደሆነ ንገሩት። ጂን ማለት አያስፈልግም። ሱቁን ንገሩት።

ያ ልጅ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር እኔ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ ሲስተር፣ ያኔም እንዲህ አትዪኝም ነበር?» አለኝ። ያን ጊዜ የምገባበት ጠፋኝ። ሕክምናውን ጨርሷል። አንዳንዴ አሞራ ገደል አካባቢ ባጃጁን አቁሞ የዓሣ ሾርባ ሲጠጣ አየዋለሁ። ክላክስ ያደርግልኛል።

ይበቃኛል፤ ሻይ እየቀዘቀዘ ነው። ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፕ አስቀምጫለሁ። ስላይዱ በእሳት ደርቆ የተቀለመ ነው፤ ሞቷል፣ አትፍሩ። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ስንጥሮች ታያላችሁ። ተሰለፉ፣ ሌንሱን ግን አታንቀሳቅሱብኝ። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ።