ደንቡ ከመጽደቁ በፊት ማን ሰማ?

(ምስል፦ በጠባብ የድንጋይ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ፊደሉ የማይለይ ጽሑፍ)

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የሮም ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ አዳዲስ ግብሮችን ጣለ። ዝርዝሩን ግን በጽሑፍ አላወጣም። ሕዝቡ ሳያውቅ እያጠፋ ሲቀጣ ቆይቶ ይለጠፍልን አለ። ካሊጉላም አስለጠፈው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደተረኩት ፊደሉ እጅግ ደቃቅ ስለነበር ለማንበብ አዳጋች ነበር።

(ምስል፦ የምክር ቤት አዳራሽ)

ሱቅ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በቤትዎ ላይ ፎቅ መጨመር መቻል አለመቻልዎን፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል የሚወስነው ብዙ ጊዜ የአካባቢ ምክር ቤት ደንብ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች ምክር ቤቱ ደንብ ሲያወጣ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማስታወቂያው በሁለት ወቅት ሊወጣ ይችላል፤ ከመጽደቁ በፊትና ከጸደቀ በኋላ። እኔ የምሟገተው ለመጀመሪያው ነው። ከጸደቀ በኋላ ብቻ የሚመጣ ማስታወቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የአሜሪካዋን ፍሎሪዳ ግዛት እንውሰድ። የከተማ ደንብ ረቂቅ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት መነበብ አለበት፤ ማስታወቂያውም ከመጽደቁ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ይወጣል። በውስጡ የስብሰባው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የረቂቁ ርዕስ፣ ሙሉ ጽሑፉን ሄዶ ማየት የሚቻልበት ስፍራ ይገለጻል። ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ተገኝቶ መናገር እንደሚችልም ይነገረዋል።

(ምስል፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማስታወቂያዎች)

አሁን እነዚህን ሁለት ርዕሶች ያስተያዩ። አንዱ «የመሬት አጠቃቀም ደንብን ለማሻሻል የቀረበ ረቂቅ» ይላል። ሌላው «በወንዙ ዳር ካሉት መኖሪያ ቤቶች አጠገብ መጋዘን መገንባትን የሚፈቅድ ረቂቅ»። ጉዳዩ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ የወንዝ ዳር ነዋሪ ግን ገጹን ገልጦ ያልፋል፤ ቤቱ እንደተነካ የሚያውቀው የጭነት መኪናዎቹ ሲመጡ ነው። የካሊጉላ ደቃቅ ፊደል ዛሬ የሚኖረው እንዲህ ባለ ድፍን ርዕስ ውስጥ ነው፤ ያናድደኛልም። ስለዚህ ርዕሱን ብቻ አይመኑ፤ ሙሉ ረቂቁን ይጠይቁ።

«አስቸኳይ» የሚል ቃል ካዩም ልብ ይበሉ። በካሊፎርኒያ የሕዝብን ሰላም፣ ጤና ወይም ደኅንነት ወዲያውኑ ለመጠበቅ የሚወጣ ደንብ ከምክር ቤቱ አራት አምስተኛውን ድምፅ ካገኘ ሳይዘገይ ይጸናል። ሌላው ደንብ በአብዛኛው 30 ቀን ይጠብቃል።

(ምስል፦ የድምፅ አሰጣጥ ዝርዝር የታተመበት ጋዜጣ)

በዚያው ግዛት የከተማ ደንብ በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ መታተም አለበት፤ ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ በስም ተዘርዝሮ። አስቸኳዮቹን ሳይጨምር፣ በሕጉ መሠረት ያልታተመ ወይም ያልተለጠፈ ደንብ ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ቢያጸድቀው እንኳ አይጸናም።