የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የፎቶ ሥልጠና መቼ ይሁን?

ከገርጂ የደወለ አድማጭ፦ ከጓደኞቼ ጋር ለ15 የፎቶ ወዳጆች ሥልጠና ልናዘጋጅ ነው። ቅዳሜና እሁድ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት። አዳራሽ ይዘናል። ምን ትመክረናለህ?

ሰዓቱ ለስብሰባ ይሆናል፤ ለፎቶ ግን አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። ማታም በዚያው ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ትሆናለች፤ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። እናንተ ደግሞ ጥሩውን ብርሃን ሁሉ ከፕሮግራሙ ውጭ አድርጋችሁታል!

እኔ ብሆን ሁለት ግማሽ ቀን አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ 8 ሰዓት አዳራሽ እንገናኝ፤ ስለ ካሜራው እናውራ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን እስኪጨልም እናንሳ። እሁድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄድ ይለፍ። ሁለተኛው ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይጀመር። 3 ሰዓት ላይ ቁርስ እየበላችሁ ፎቶዎቹን እዩ። በመሃል ያለው ሳምንት የቤት ሥራ ነው፤ ሰው የሚማረው ያኔ ነው።

15 ሰው ግን አንድ ላይ መንገድ ላይ አታውጡ። 15 ካሜራ ሲያይ ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰባል። አምስት አምስት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። ወሩን ከጠየቅከኝ፣ ሐምሌና ነሐሴን ለዝናቡ ተዉለት። ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ሰማዩ ታጥቧል።

ከጎንደር የደወለች አድማጭ፦ ሥልጠናውን በጥምቀት ዕለት ባደርገውስ?

በዕለቱ ማስተማር አይቻልም፣ እህቴ። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በዚያ ሕዝብ መሃል ማን ማንን ይሰማል? ትምህርቱ ቀድሞ ይለቅ። ትልቁ ፈተና ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት በጠራራ ፀሐይ ነው። ለፊቱ ብርሃን ስትሰጪ ነጠላው ይነጣል፤ ለነጠላው ስትጠነቀቂ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ታኅሣሥ ውስጥ አንድ እሁድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ፣ እያስፈቀዳችሁ ተለማመዱ። ከሌላ ከተማ የሚመጣ ካለ አልጋውን አሁኑኑ ያዙለት። ለጥምቀት ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው።

ከቦሌ፦ ሰው ይመዘገባል፣ በቀኑ ግን ይቀራል።

ቀብድ ተቀበል። ትንሽም ብትሆን።

ከዋሽንግተን የደወለ አድማጭ፦ አዲስ አበባ ካሉት ጋር በዙም ብንማር ስንት ሰዓት ይመቻል?

ቅዳሜ በኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት። እናንተ ጋ በበጋችሁ ከቀኑ 7፣ በክረምታችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1 ሰዓትና 12 ሰዓት ማለት ነው። እናንተ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ስለምትቀይሩ፣ የሥልጠናው ቀን ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ። ማስታወቂያው ላይም ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። እኔ አንዴ «ጠዋት» የምትለውን ቃል ረስቼ «2 ሰዓት» ብቻ ብዬ ለጠፍኩ። ከውጭ የመጣ አንድ ወንድማችን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ካሜራውን አንግቶ ደረሰ። እኛ ምሳ በልተን ተበትነን ነበር።