የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠይቁት ሁሉንም «አዎ» የሚል ልጅ

ከጎንደርና አካባቢዋ ለደወላችሁ አድማጮች የሕግ ባለሙያችን የሰጡት መልስ ነው።

ከአዘዞ የደወሉ እናት፦ የ22 ዓመት ልጄ አእምሮው እንደ እኩዮቹ አልዳበረም። በስርቆት ተጠርጥሮ ጣቢያ ነው። የጠየቁትን ሁሉ «አዎ» ብሎ ፈርሟል አሉኝ። በቃ፣ አለቀለት?

ኧረ አላለቀለትም፣ እናቴ። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ «አዎ» የሚለው ጠያቂውን ላለማስቀየም ወይም ቶሎ ቤቱ ለመግባት ነው። ይህ በደንብ የተጠና ነገር ነው። «ሰረቅህ?» ሲሉት «አዎ»። ትንሽ ቆይተው «አልሰረቅህም አይደል?» ሲሉትም «አዎ»።

እ.ኤ.አ. በ1972 ለንደን ውስጥ ሦስት ወጣቶች በአንድ የግድያና የቃጠሎ ጉዳይ የእምነት ቃል ሰጥተው ተፈረደባቸው። አንደኛው የአእምሮ እድገት ውስንነት ነበረበት። በ1975 ፍርዱ ተሻረ። ያ ጉዳይ ያስነሳው ጣጣ በ1984 ለወጣው የእንግሊዝ ሕግ መንገድ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሰው ሲጠየቅ የሚያግዘው አዋቂ አጠገቡ ይቀመጣል።

እኛም ጋ በሩ አልተዘጋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 51 የተከሳሹ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል። ችግሩ፣ ዳኛው ልጅዎን የሚያዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ዝም ብሎ ከቆመ ምንም የሌለበት ይመስላል። ስለዚህ የሕክምና ወረቀቱንና የትምህርት ቤት ማስረጃውን ለጠበቃው ይስጡ። አቅም ከሌለዎት መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ችሎት ላይ ይጠየቅ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ልጁን ሲያገኙት «ገባህ?» አይበሉት። «እስቲ ምን ብለው ጠየቁህ?» ይበሉና በራሱ አፍ ያስነግሩት።

ከማራኪ፣ አንዲት እህት፦ የ14 ዓመት ወንድሜን ከትልልቅ ሰዎች ጋር አስረውታል። ይቻላል?

አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ለይታችሁ አቆዩ ይላል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ክርክሩ የሚነሳው ዕድሜው ላይ ነው። ቁመቱ ዘለግ ካለ «18 ሞልቶታል» ይሉታል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለው የክትባት ካርዱን ወይም የክርስትና ወረቀቱን ፈልጊ፣ እህቴ፤ ነገ ጠዋት ይዘሽ ሂጂ።

ከአራዳ፦ መስማት የተሳነው ጎረቤታችን ሲመረመር ወንድሙ ያስተርጉምለት?

ባይሆን ይሻላል፤ በተለይ ጠቡ የቤተሰብ ከሆነ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ የማግኘት መብት አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። የምልክት ቋንቋ ያልተማረና በቤት ምልክት ብቻ የሚግባባ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለእሱ የሠለጠነ አስተርጓሚ ብቻውን አይበቃውም።