ወደ ተሃድሶ ሕክምና ስንሸኛቸው፦ ለአስታማሚ ቤተሰብ

[ምስል፦ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጡ አባት፣ ከኋላ ልጃቸው]

እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ከአስታማሚዎች ጋር ነው። ስትሮክ የመታው ዘመድ ከተኛበት ክፍል ወደ ተሃድሶ ሕክምና ሲዛወር ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ጅማ ላይ ይህ የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚመጣው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከኢሉባቦር፣ ከከፋ፣ ከዳውሮ ሪፈር የተጻፈላቸውም አሉ። አስታማሚው ቤቱን ዘግቶ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ አብሮ ይመጣል።

ዝውውሩን መጀመሪያ ለራሳቸው ለታማሚው ንገሩ። በር ላይ ቆሞ ማንሾካሾክ ይቅር። ክፍል ሲቀየር «ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው» ብለው የሚያስቡ አሉ። «አባዬ፣ አሁን መቀመጥና መቆም ወደሚያለማምዱህ ቦታ ልንሄድ ነው» ማለት ይበቃል። አንደበታቸው ቢያዝም ንገሯቸው። መናገር ያቃተው ሰው የሚባለውን ሊረዳ ይችላል።

[ምስል፦ ፊዚዮቴራፒስት ከቤተሰብ ጋር ሲነጋገር]

ለፊዚዮቴራፒስቱ፣ ማለትም እንቅስቃሴ ለሚያለማምዳቸው ባለሙያ፣ ደግሞ እናንተ የምታውቁትን ንገሩት። አባታችሁ የማና ወረዳ ቡና ገበሬ ናቸው እንበል። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው? ቁጢጥ ያስብላል? ደጃፉ ዳገት ነው? እሳቸውስ ከሁሉ በፊት ምን ይፈልጋሉ? «ለጁምዓ መስጂድ መድረስ» ካሉ ያንን ንገሩት። ልምምዱ ከዚያ ፍላጎት ጋር ሲያያዝ ጉልበት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተሃድሶ ሕክምና ዋናው ሠራተኛ ታማሚው ነው። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በመደጋገም ነው። ለውጡ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይፈጥናል፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። እኛ ግን የምንወደውን ሰው ማልፋት አይሆንልንም። «ተኛ፣ እኔ አለሁ» እንላለን። ፊት እናጥባለን፣ ቁልፍ እንቆልፋለን፣ እናጎርሳለን።

ጉርሻ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍቅር መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚያስቸግራቸው ብዙዎች ናቸው። ትልቅ ጉርሻ፣ በተለይ ጋደም ብለው ከሆነ፣ ወደ ሳንባ ሊገባና የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው የመዋጥ አቅማቸውን ሳያይ ከቤት የመጣ አጥሚትም ሆነ ውሃ አትስጡ። ከተፈቀደ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ማንኪያውን መያዝ ከቻሉ ይያዙ። ቢፈስ ይፍሰስ፤ ጨርቅ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። እንደኔ ከሆነ፣ ለአስታማሚ ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው።

[ምስል፦ ሸሚዝ ሲለብሱ፣ የደከመው ክንድ መጀመሪያ ሲገባ]

ስታነሷቸው የደከመውን ክንድ አትጎትቱ። ትከሻው በቀላሉ ይጎዳል። ልብስ ሲለብሱ የደከመው ክንድ መጀመሪያ ይግባ፤ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ በየ2 ሰዓቱ አካባቢ ጎን ቀይሩላቸው፤ የመኝታ ቁስል የሚጀምረው ሳይታወቅ ነው። ወጌሻ አምጥቶ ማሳሸት ያሰበ ካለ እባካችሁ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስቱን አማክሩ። የላላ ትከሻ ሲጎተት ይጎዳል።

እንባም ይኖራል። ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ድብርት ያገኘዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ወይም «እምነት ይኑርህ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒትም፣ ምክርም አለው። ዱዓውም ጸሎቱም አብሮ ይቀጥል። ሶላት ተቀምጦም ይሰገዳል።

ጠያቂውን ደግሞ በእርጋታ ቀንሱት። ልምምድ የሰው ጉልበት ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ አሥር ሰው አልጋ ዙሪያ ሲቆም ታማሚው ማረፍ አይችልም። መጠየቅ የፈለገ ዘመድ ለአስታማሚው ምሳ ይዞ ይምጣ፣ ወይም አንድ ሌሊት ይተካው። ያልተኛ አስታማሚ ሰው ማንሳት አይችልም፤ ወገቡም ይጎዳል።

[ምስል፦ ዝቅተኛ የጅማ በርጩማ፣ ከጎኑ መደገፊያ ያለው ወንበር]

ከመውጫው ቀን በፊት ቤቱን አስቡት። የምንወደው የጅማ በርጩማ ዝቅተኛ ነው፤ እግሩ የደከመ ሰው ከእሱ መነሳት ይቸግረዋል። ከፍ ያለ፣ የክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አዘጋጁ። ሽንት ቤት አጠገብ ጠንካራ መያዣ ይተከል። ሌሊት መብራት ይኑር። ልምምዱን ባለሙያው ሲያሳያችሁ አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹት። ወደ ቦንጋ ወይም ወደ መቱ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ፊዚዮቴራፒ የት እንደሚገኝ ጠይቁ፣ የሕክምና ማጠቃለያውንና የቀጠሮ ወረቀቱንም ሳትይዙ አትውጡ።