ከለመድነው መደርደሪያ ማዶ

እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ሰዓት ሌላ ብዙ ነገር መሥራት ስትችሉ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት እዚህ ተቀምጣችኋል። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ማንበብ እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «እስኪ ምን ላንብብ?» ይሉኛል። ለብዙ ዓመት ወዲያው የመጽሐፍ ስም እጠራላቸው ነበር፤ ያን ሰሞን የወደድኩትን። ከወር በኋላ ስንገናኝ «እሱን መጽሐፍ... ጀምሬው ነበር» ይላሉ። ይህችን «ጀምሬው ነበር» በደንብ አውቃታለሁ። አልተመቸኝም ማለት ናት።

አሁን ስም መጥራት ትቻለሁ። መልሼ እጠይቃለሁ። «በቅርቡ እንቅልፍ የነሳህ ታሪክ የቱ ነው? መጽሐፍ ባይሆንም ግድ የለም፤ ፊልም ይሁን፣ ጓደኛህ ያወራህ ይሁን። ምኑ ነው የያዘህ?» አንዱ «ገዳዩን ማወቅ ፈልጌ» ይላል። ሌላዋ «ልጅቷ አሳዘነችኝ፤ መጨረሻዋን ሳላይ መተኛት አልቻልኩም» ትላለች። ሦስተኛው «ያ ዓለም! እዚያው የምኖር ነበር የመሰለኝ» ይላል።

ሦስቱ የሚፈልጉት ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ተማሪ ሳለን ለፈተና የሸመደድናቸው ቃላት እዚህ ላይ ይጠቅሙናል። ሴራ፣ ገጸ ባህሪ፣ መቼት። መቼት የምትለውን ቃል በተለይ እወዳታለሁ፤ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የሠሯት ቃል ናት። ማንኛውም ልብ ወለድ ሦስቱም አሉት። ጥያቄው ከፊት ሆኖ የሚመራው የትኛው ነው የሚለው ነው። በምርመራ ታሪክ ሴራው ይመራል። በታሪካዊ ልብ ወለድና በሳይንስ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ መቼቱ ይቀድማል። በፍቅር ታሪክ ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ካልያዙን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

እኔ ዘውግን፣ የልብ ወለድ ዓይነትን ማለቴ ነው፣ የማየው እንደ ውል ነው። ደራሲው ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከአንባቢው ጋር ውል ይገባል። «ይህን እሰጥሃለሁ፤ ያንን ግን ከእኔ አትጠብቅ» ይላል። መጽሐፍ ስንመርጥ ውሉን ካወቅን ብዙ ድካም ይቀርልናል። ከጨረስነውም በኋላ ፍርዳችን ትክክል ይሆናል።

የምርመራ ታሪክን ልውሰድ። ዘመናዊው የምርመራ ታሪክ የተጀመረው ኤድጋር አላን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ዘውጉ እያደገ ሄዶ ውሉ በጽሑፍ እስከመስፈር ደረሰ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። ራሱም የወንጀል ልብ ወለድ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዘውግ አሥር ሕጎች አወጣ። ወንጀለኛው ገና ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መነሳት አለበት። መንፈስና ተአምር ለመፍትሔ አይጠራም። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው መደበቅ አይችልም።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ውስጤ ገብቷል። አንባቢን ማክበር ነው። «እኔ የማውቀውን አንተም ታውቃለህ፤ እስኪ እንፎካከር» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የምርመራ ልብ ወለድ አንብቦ «የፖሊሱ የልጅነት ሕይወት በደንብ አልተገለጸም» ብሎ ቢያማርር፣ ውሉ ውስጥ የሌለ ነገር እየጠየቀ ነው። ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከየትም ዱብ ያለ ሰው ከሆነ ግን መጽሐፉን ቀሽም ቢለው እውነቱን ነው። ውሉ ፈርሷል።

አሁን ብዙ ሰው ከሩቅ ወደሚሸሸው ዘውግ ልሂድ። ሳይንስ ልብ ወለድ። «የኔ ሙድ አይደለም፤ ሮቦትና መንኮራኩር አይገባኝም» ይባላል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ትዝ ትለኛለች።

እ.ኤ.አ. በ1815 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት ምድር ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱና ጋዙ ሰማዩን ሸፈነው። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ ውስጥ በጋው እንደ ክረምት ቀዘቀዘ። በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ጥቂት ወዳጆች ዝናቡ ቤት ውስጥ ዘጋባቸው። ገጣሚው ባይረን አንድ ሐሳብ አመጣ። «እያንዳንዳችን አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» አለ። ያቺ የ18 ዓመት ወጣት፣ ሜሪ ሼሊ፣ ከመካከላቸው ነበረች። ያን ሰሞን የጀመረችው ታሪክ በ1818 «ፍራንከንስታይን» ተብሎ ታተመ። ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሳይንስ ልብ ወለድን ልደት ከዚያ ይቆጥራሉ። በዚያው ቤት የነበረው ሐኪሙ ፖሊዶሪም ደም ስለሚመጥ ሙት የሚተርክ ታሪክ ጻፈ፤ በ1819 ታተመ። ከእሱ በኋላ ለመጡት የቫምፓየር ልብ ወለዶች ሁሉ መንገድ የጠረገው እሱ ነው።

እስኪ አስቡት። አንድ ቤት፣ አንድ ዝናብ፣ ሁለት ዘውግ።

የሜሪ ሼሊ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ማሽን የሚያወራ ነገር ብዙ አታገኙም። ስለ ኃላፊነት ግን ሞልቷል። አንድ ሰው ሕይወት ይፈጥራል። የፈጠረውን ሲያየው ይደነግጥና ጥሎት ይሸሻል። የተጣለው ፍጡር ስም እንኳ አልወጣለትም። ያ ፍጡር በኋላ ለሚያደርሰው ጥፋት ተጠያቂው ማነው? ይህን ጥያቄ ለመረዳት ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም። ልጅ የወለደ ሁሉ ያውቀዋል። ያለ ወላጅ ያደገም ያውቀዋል። የሳይንስ ልብ ወለድ ውል ይሄ ነው፤ ከዓለማችን አንድ ነገር ይቀይርና «አሁንስ ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቃል። «ሙዴ አይደለም» ብሎ ያለፈው ሰው የገዛ ጥያቄውን ነው ያለፈው።

አስፈሪ ታሪክና ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ፋንታሲ የምንለው፣ ላይ ብዙ አልቆይም። የመጀመሪያው ፍርሃታችንን መብራት በበራበት ክፍል እንድንለማመደው ያደርጋል። ሁለተኛው የራሱን ሕግ ያወጣል፤ ካወጣ በኋላ ግን ራሱ ማክበር አለበት። አስማቱ ዋጋ የማያስከፍል ከሆነ ታሪኩ ክብደት አይኖረውም።

የፍቅር ልብ ወለድ ላይ ግን ልቆይ። ዕዳ አለብኝ።

ለረጅም ጊዜ የፍቅር ልብ ወለድ አልነካም ነበር። መጨረሻው ከታወቀ ለምን ይነበባል እል ነበር። ከዚያ እናቴ ታመመች። ማታ ማታ አጠገቧ አድር ነበር። ዓይኗ ስለደከመ ማንበብ አልቻለችም። «አንብቢልኝ» አለችኝ። ትልቅ ነው ብዬ የማደንቀውን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ይዤ ሄድኩ። አራት ገጽ ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያዝነው? እኔ ማዘኑን ለብቻዬም እችለዋለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ እህቴ የፍቅር ታሪክ አመጣች። ትንሽ መጽሐፍ ናት። ሁለት ሰዎች ይጠላላሉ፤ እንደሚዋደዱ ከመጀመሪያው ታውቁታላችሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ፈገግ ትላለች። «አየሽው? ሊያስታርቃቸው ነው» ትላለች። አንዳንዴ ቀድማኝ ንግግራቸውን ትናገራለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹም አያውቁም። በእርግጠኝነት የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር እነዚህ ሁለት ሰዎች በመጨረሻ እንደሚገናኙ ነው። እናቴ በዚያ ላይ ተደግፋ ትተኛ ነበር።

ያን ጊዜ ውሉ ገባኝ። መጨረሻው አስቀድሞ መታወቁ ድክመት ይመስለኝ ነበር። ለካ ስጦታው እሱ ነው። ልባችን ስለ መጨረሻው ስለማይጨነቅ መንገዱን ማየት ይችላል፤ ሰው እንዴት ይቅር እንደሚል፣ ኩራቱን እንዴት እንደሚያወርድ፣ አንድ ቃል ለመናገር ስንት ቀን እንደሚፈጅበት።

ስለዚህ መጽሐፍ ስትመርጡ ያላችሁበትንም ሁኔታ ጠይቁ። ያ ወፍራም ልብ ወለድ ዛሬም ትልቅ ነው። ያን ሳምንት ግን የእናቴ መጽሐፍ አልነበረም።

አንዳንዶች «ልብ ወለድ ሰውን ደግ ያደርጋል፤ በጥናት ተረጋግጧል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጥበባዊ ልብ ወለድን ለአጭር ጊዜ ማንበብ የሰውን ስሜት የመረዳት ችሎታን እንደሚጨምር ገልጾ ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲደግሙት ያንኑ ውጤት አላገኙም። እኔ በዚህ አልከፋም። ልብ ወለድን እንደ መድኃኒት በማንኪያ ለክቶ መውሰድ ደስታውን ይገድለዋል ብዬ ነው የማምነው።

ዘውጎቹ ደግሞ የምናስበውን ያህል የተለያዩ አይደሉም። ያ የምርመራ ታሪክን የጀመረው ፖ በአስፈሪ ታሪኮቹም ታላቅ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን አስታውሱ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት ነው። ውስጡ ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ወንድሟን ፍለጋ እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዝ ልጅ አለች፣ ፍቅር አለ። የቱ መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠው? ርዕሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ልብ የወለደው ማለት ነው። «እውነት ስላልሆነ ልብ ወለድ አላነብም» ለሚሉኝ ሰዎች ይህን ስም አስታውሳቸዋለሁ። ቋንቋችን ውሸት አላለውም።

እንግዲህ ከለመድነው መደርደሪያ ወደ ሌላው እንዴት እንሻገር? ዘልላችሁ አትሂዱ። ድልድይ ፈልጉ። የምርመራ ታሪክ የምትወዱ ከሆነ፣ ከመቶ ዓመታት በፊት ስለተፈጸመ ግድያ የሚተርክ ልብ ወለድ ያዙ። ገዳዩን ስታሳድዱ ሳታውቁት ታሪካዊ ልብ ወለድ ውስጥ ትገባላችሁ። ፍቅር የምትወዱ፣ በሌላ ፕላኔት ላይ የሚዋደዱ ሰዎችን ሞክሩ። ልብ አንጠልጣይ ብቻ የምታነቡ፣ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ዝግ ያለ የቤተሰብ ታሪክ ሞክሩ፤ የተደበቀ ምስጢር ያለበትን ምረጡ። ጭንቀቱ አይጎድልባችሁም።

ድልድዩም አጭር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁጎ የሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድና የፋንታሲ ሽልማት ሥራዎችን በቃል ብዛት ይከፍላል። ከ7,500 ቃል በታች ያለው አጭር ልብ ወለድ ነው። 40,000 ሲሞላ ረጅም ልብ ወለድ ይባላል። በመካከል ያሉት በአንድ ወይም በሁለት ምሽት ያልቃሉ። የማታውቁትን ዘውግ በ600 ገጽ አትጀምሩ። የአጭር ልብ ወለዶች መድበል ፈልጉ፤ አንዱ ቢደብራችሁ ቀጣዩ አለ።

የጀርባ ሽፋኑን እኔ ብዙም አላምነውም። ሻጩ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያውን ገጽ አነባለሁ። ከዚያ መሃል አካባቢ ከፍቼ አንድ ገጽ አነባለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደራሲ ይጠነቀቃል። መሃል ላይ ነው ማንነቱ የሚታየው። ንግግር ካለ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበዋለሁ። ሰው እንዲህ ይናገራል? ትርጉም ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። «የውጭ ልብ ወለድ ደረቅ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው ደረቅ ተርጓሚ ነው። የተርጓሚውን ስም ያዙ። ጥሩ ተርጓሚ ካገኛችሁ፣ የማታውቁትንም ዘውግ ቢተረጉም ተከተሉት።

ካልሆነስ? መተው ይቻላል። ዳንኤል ፔናክ የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲና መምህር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንባቢ አሥር መብቶችን ዘርዝሯል። ገጽ መዝለል አንዱ ነው። መጽሐፍን አለመጨረስ ሌላው ነው። እኔም ሃምሳ ገጽ አንብቤ ካልያዘኝ በሰላም እመልሰዋለሁ። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። መጽሐፉን ተዉት፤ ዘውጉን በአንድ መጽሐፍ አትፍረዱበት። ቢያንስ ሦስት፣ በሦስት የተለያዩ ደራሲዎች የተጻፉ፣ ሞክሩ። አንድ ጊዜ ቀሽም ዘፈን ሰምቶ ሙዚቃ የተወ ሰው አይቼ አላውቅም።

እናቴ ድናለች። አሁን መነጽር ቀይራ ራሷ ታነባለች። ባለፈው ወር ስሄድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ይዛ አገኘኋት። የፍቅር ታሪክ መስሏት ነው የጀመረችው። «ገዳዩን አውቄዋለሁ፤ እንዳትነግሪኝ» አለችኝ።

ንግግሬን እዚህ ላጠናቅቅና አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉ። በፍጹም አላነብም የምትሉትን ዘውግ ንገሩት። እሱ የሚወደው ከሆነ፣ ከየት እንደምትጀምሩ ይንገራችሁ። ካልሆነም ከፊታችሁ ወይም ከኋላችሁ የሚወደው ሰው አይጠፋም። ሃያ ደቂቃ አለን። እኔም ወርጄ እየዞርኩ እሰማለሁ፤ ምክንያቱም የጦር ሜዳ ልብ ወለድ እስካሁን አልተሻገርኩም፣ የሚያሻግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ።