በሰመር ልጆቻችን የት ይዋሉ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ስልክ የምትነካኩ ልጆቻችንም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ወንዝ ተሻግራችሁ ከቨርጂኒያ የመጣችሁ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረውን የቤልትዌይ መንገድ ትራፊክ ስለቻላችሁልን ምስጋናችን የተለየ ነው።

የሊቀመንበር ንግግር ሲረዝም ቡናው እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ። የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባሉ። እኔ የያዝኩት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ሀይስኩል የደረሱ ልጆቻችን በሰመር፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ላብራቶሪ ገብተው ባዮሎጂን በእጃቸው እንዲሠሩ እኛ ምን እያደረግን ነው? መጨረሻ ላይ ኪስ የሚነካ ነገር አለኝ። ከአሁኑ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሆስፒታል ላብ ቴክኖሎጂስት አለ። ፋርማሲስት አለ፣ ነርስ አለ። ዋይት ኦክ ያለው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚሠራ አለ። ቤተስዳ ኤንአይኤች ግቢ ውስጥ ሴል የሚያሳድግም አይጥ የሚንከባከብም አለ። ኤንአይኤች ማለት ለሕክምና ምርምር ከመንግሥት ካዝና በዓለም ላይ ትልቁን ገንዘብ የሚያወጣ ተቋም ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በአውቶቡስ ይደረሳል። ሰው ከቻይናና ከብራዚል አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣበታል። የእኛ ልጆች አጥሩን እያዩ ያልፋሉ።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዳንዱ ልጅ አባት ከአንድ ተመራማሪ ጋር አብሮ ተምሯል። እራት ላይ «ልጄ ዘንድሮ ሰመር ምን ቢሠራ ይሻላል?» ይላል። አለቀ። እኛ ግን ይሉኝታ አለብን። አሥር ዓመት አብረን የሠራነውን አለቃ «ልጄን ለስድስት ሳምንት አስገባልኝ» ማለት እንደ ልመና ይቆጠርብናል። ለራሳችን ልጅ እንዲህ ካፈርን ለጓደኛችን ልጅማ ጭራሽ አፋችንን አንከፍትም። እዚህ አገር ግን መጠየቅ ነውር አይደለም። የተጠየቀው ሰው ካልቻለ «አልችልም» ይላል፣ ሌላ ሰው ይጠቁማል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደወትሮው ሰላም ይላችኋል።

«ለመሆኑ ሀይስኩል ያለ ልጅ ላብ ገብቶ ምን ይሠራል?» የምትሉ አላችሁ። ባለፈው ሰመር የአንዲት አባላችን ልጅ የፍራፍሬ ዝንብ የሚያጠና ላብ ገብታ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት የደኅንነት ሥልጠና ነው። ጓንት እንዴት ይወልቃል፣ ክፍት ጫማ ለምን አይደረግም፣ የተሰበረ ብርጭቆ የት ይጣላል። ከዚያ ቀለም የገባበት ውሃ ሰጥተዋት ፒፔት የሚባለውን የፈሳሽ መለኪያ መያዝ ተለማመደች። ከዚያ በኋላ ዝንብ መለየት ጀመረች። ዝንቦቹን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ታስተኛቸዋለች። ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ወንዱን ወደ ግራ፣ ሴቷን ወደ ቀኝ ትገፋለች። ወንዱ አነስ ያለ ነው፣ የሆዱ ጫፍ ጠቁሯል። የሴቷ ደግሞ ሾጠጥ ብሎ ጭረት ጭረት አለው። ቶሎ ካልጨረሰች ይነቁና ክፍሉን ይሞሉታል። ምግባቸው ከበቆሎ ዱቄት፣ ከእርሾና ከስኳር ይሠራል። «እማዬ፣ ላቡ እኮ የአያቴን የጠላ ጥንስስ ይሸታል» አለቻት።

እናትየው ደውላልኝ «በየጠዋቱ ከሥራ አርፍጄ የማደርሳት ለዝንብ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እሷ የጠበቀችው ነጭ ጋዋንና የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ግን ቶማስ ሀንት ሞርጋን የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1910 ዓይኑ ነጭ የሆነ አንድ ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ይዞ ነው ከወላጅ ወደ ልጅ ባሕርይ የሚያወርደው ጂን ሴል ውስጥ ባለው ክሮሞሶም ላይ እንደሚቀመጥ ያሳየው፤ በ1933 ኖቤል ተሸለመበት። በ25 ዲግሪ ሙቀት ዝንብ በ10 ቀን ገደማ አዲስ ትውልድ ታወጣለች። ስለዚህ ልጅቷ በአንድ ሰመር አያትን፣ እናትንና የልጅ ልጅን ቆጥራ ወረቀት ላይ አስፍራለች። ክፍል ውስጥ የሜንደልን የዘር ውርስ ሕግ፣ ያንን የሦስት ለአንድ ድርሻ፣ ስትሸመድድ የኖረች ልጅ አሁን «የጠበቅኩት ሦስት ለአንድ ነበር፣ ያገኘሁት ግን እንደዚያ አይደለም፣ ለምን?» ብላ ትጨቃጨቃለች። እኔ እንግዲህ ከዚህ በላይ ከአንድ ሰመር የምጠብቀው የለም።

ሌላም ልንገራችሁ። ዴቪድ ባልቲሞር የሚባል ሳይንቲስት ነበር። ስሙ የጎረቤታችንን ከተማ መምሰሉ እንዲሁ ገጥሞ ነው፣ ሰውየው የኒው ዮርክ ልጅ ነው። ገና ሀይስኩል ሳለ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ያለው ጃክሰን ላብራቶሪ ሰመርን አሳለፈ። እዚያ ሃዋርድ ቴሚን ከሚባል በዕድሜ ትንሽ ከሚበልጠው ተማሪ ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሁለቱ በየራሳቸው ላብ፣ አንዱ ከሌላው ተለይቶ፣ የዘር መረጃን ከአርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ የሚቀዳውን፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባለውን ኤንዛይም አገኙ። በ1975 ከሬናቶ ዱልቤኮ ጋር ኖቤሉን ተካፈሉ። ይህ ኤንዛይም ምን እንደሆነ ላብ የምትሠሩት ታውቁታላችሁ። በኮቪድ ጊዜ እንቅልፍ አጥተን የሠራነው የፒሲአር ምርመራ ያለ እሱ አይሆንም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም የሚያግዱት እሱኑ ነው። ኢንተርን ሆኖ ላብ ገብቶ የተለማመደ ሁሉ ኖቤል ይወስዳል እያልኩ አይደለም። ግን እነዚያ ሁለት ልጆች የተገናኙት አንድ ሰው «ልጆችም ይግቡ» ብሎ በር ስለከፈተ ነው።

የራሳችን ሰውም አለ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ከዚሁ ከባልቲሞር፣ ከጆንስ ሆፕኪንስ ነው ዶክትሬታቸውን የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ብልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል። ከላይ ያሉት ደህና ናቸው። ይህን አዩና ጠየቁ፣ ከዚያ ሞከሩት። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሠርተው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ልጆቻችን ስለ እሳቸው ሰምተው እንደሆነ መኪና ውስጥ ጠይቋቸው። ካልሰሙ ደግሞ እናንተ ንገሯቸው፣ ትምህርት ቤቱ አይነግርላችሁም።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ቀን ስለሚያልፍብን በቀን ልጀምር። ሰመር የሚመጣው በጁን ነው፤ የማመልከቻው በር የሚዘጋው ግን ኖቬምበርና ፌብሩዋሪ መካከል ነው። በሜይ ወር «ለልጄ የሆነ ነገር ፈልጊልኝ» ብላችሁ ስትደውሉልኝ ምን ልበላችሁ? የባሕር ኃይል ላብራቶሪዎች የሚያወጡት ሲፕ የተባለው የስምንት ሳምንት ፕሮግራም ለልጆቹ ይከፍላል፣ የሚዘጋው ግን በመኸር ነው። ፎረስት ግሌን ያለው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ምርምር ተቋም ጄምስ የሚባል የሰመር ፕሮግራም አለው፤ ለልጆቹ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል። ቨርጂኒያ ላላችሁ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሀይስኩል ተማሪዎችን ከፕሮፌሰር ጋር ያገናኛል። ኤንአይኤች ለብዙ ዓመት ሲወስድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2025 የሰመር ፕሮግራሙን ሰረዘ። ስለዚህ ማንም ልጅ ተስፋውን አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይጣል። የዘንድሮውን ሁኔታ ከየድረ ገጻቸው አይታችሁ አረጋግጡ፣ ደንቡ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ዕድሜም አለ። ብዙ ላብ ከ16፣ አንዳንዱም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አያስገባም፤ በተለይ የሰው ደም፣ ጀርም ወይም ጨረር ያለበት ቦታ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጂንባንክ የሚባለው የዘር መረጃ ቋት እዚሁ ቤተስዳ ነው ያለው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ነፃ ነው። አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። የጤፍ የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ወጥቷል። የአሥረኛ ክፍል ልጅ የጤፍን አንድ ጂን ከስንዴ ጋር ማመሳከር ይችላል። ባሕር ዳር ያለ የአክስቱ ልጅም ኢንተርኔት ካገኘ ያንኑ መረጃ ከፍቶ አብሮት መሥራት ይችላል።

ፕሮግራም ላላገኘ ልጅ ኢሜይል አለ። አጭር ይሁን። የላቡን ገጽ አንብቦ አንድ የገባውን ነገር ይጥቀስ፣ ስንት ሳምንት እንደሚችል ይንገር፣ ይጨርስ። ለአብዛኛው መልስ አይመጣም፤ ቅር አይበለው፣ ለቀጣዩ ይላክ። እናቶች፣ እባካችሁ እናንተ አትጻፉላቸው። ፕሮፌሰሩ ከሁለተኛው መስመር ላይ ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዲት እናት ከሁለት ሥራዋ አጠራቅማ ለአንድ የሰመር «የምርምር ፕሮግራም» ብዙ ሺህ ዶላር ከፈለች። ስሙን አልጠራም። ልጁ በዙም ሌክቸር አዳምጦ፣ የምስክር ወረቀት ፕሪንት አድርጎ መጣ። እውነተኛ ላብ ልጅን ሲወስድ ወይ ይከፍላል፣ ወይ በነፃ ያስተምራል፣ አለዚያ መጠነኛ የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃል። ሺዎችን ሲጠይቃችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ለአንዳችን ደውሉ።

ቀጥሎ የምለው ከባዮሎጂ የራቀ ይመስላል፣ አይደለም። ከመንግሥት ላቦች አብዛኞቹ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ዜጋ ካልሆነ ጭራሽ አይወስዱም። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዓመታችሁን ጨርሳችሁ «ፈተናው ያስፈራኛል» እያላችሁ የምታዘገዩ ወላጆች አላችሁ። ልጁ ግሪን ካርድ ይዞ አብሯችሁ እየኖረ፣ 18 ሳይሞላው እናንተ ዜጋ ከሆናችሁ፣ እሱም በሕጉ ወዲያው ዜጋ ይሆናል። 18 ካለፈው ግን በራሱ ተራ ይጠብቃል። ፓስፖርቱንም ቶሎ አውጡለት፣ ሲያመለክት ማስረጃ የሚሆነው እሱ ነው። የዜግነት ፈተና ጥናት የሚያግዙ አባላት አሉን፤ ሻይ ሰዓት ላይ ጠይቋቸው።

ወደ ኪሱ መጣሁ። ከእነዚህ ዕድሎች ብዙዎቹ ክፍያ የላቸውም። በሜሪላንድ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ነው። በሳምንት 30 ሰዓት፣ ለስምንት ሳምንት ስታሰሉት 3,600 ዶላር ይሆናል። ግሮሰሪ ወይም ካፌ ቢሠራ ይህን የሚያገኝ፣ የቤት ኪራይ የሚያግዝ ልጅ፣ በነፃ ላብ ሂድ ቢባል እንዴት ይሄዳል? አንዳንዱ ጎበዝ ልጅ ራሱ «ይቅርብኝ» ብሎ ዝም ይላል። ለቤተሰቡም አይነግርም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ይህን ሐሳብ አቅርቧል። ለዓመቱ መጨረሻ የእራት ግብዣችን ዘንድሮ ሆቴል አንከራይ። ባንዱም ይቅር። አውቃለሁ፣ የአንዳንዶቻችሁ ፊት ተለዋወጠ። ለጭፈራው እኔም አዝናለሁ። እዚሁ አዳራሽ እንሰብሰብ፣ ሴቱም ወንዱም ከቤቱ ድስት ይዞ ይምጣ። የተረፈው ገንዘብ ክፍያ የሌለው ኢንተርንሽፕ ላገኙ ልጆች የሰመር ድጎማ ይሁን። መምረጫው ውጤት ብቻ አይሁን፤ ሰመር ሠርቶ ቤተሰብ የሚረዳ ልጅ ይቅደም። የአባልና የአባል ያልሆነ ልጅም አይለይ። የሥራ አስፈጻሚ ልጆች ግን አይወዳደሩ፤ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ሁለተኛው ሐሳብ ገንዘብ አይጠይቅም። በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው ላብ፣ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ ወይም እርሻ ምርምር ለምትሠሩ ነው። አለቃችሁን አንድ ጊዜ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ስማችሁን ጻፉ፤ መልሱ ምንም ይሁን። ሁለተኛው ለልጆቹ ነው። ወላጅ አይሙላላቸው። በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ማመልከቻቸውን ይዘው እዚህ ይመጣሉ፣ እኛ ቁጭ ብለን አብረን እናነባለን። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍላቸውን መምህር ከአሁኑ ይጠይቁ፤ መምህርም ሰው ነው፣ በመጨረሻው ሌሊት አይጽፍም።

ድምፅ የምንሰጠው ከሒሳብ ሪፖርቱ በኋላ ነው። ግብዣው ይቅር የሚለውን ሐሳብ የምትቃወሙ ከአሁኑ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ፣ ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተይዟል። አሁን መድረኩ የጸሐፊያችን ነው።